ደመወዝ የሚገባበት፣ ወጪ የሚወጣበት፦ አዲስ አበባ ላይ የዘወትር ባንክ አመራረጥ

ሰንጋ ተራ ቆሞ ቀና ላለ ሰው አዲስ አበባ የባንክ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ወደ ላይ ተመዟል፤ ዙሪያውን የሌሎቹ ፎቆች ተደርድረዋል። በአገሪቱ ያሉት ባንኮች ከ30 በላይ ሆነዋል። ፎቁ ግን ደመወዝ በወጣ ማግስት ሰፈራችሁ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አይነግራችሁም፤ ማስታወቂያውም አይነግራችሁም። ለቤት ግዢ ብድር ወይም ለአስመጪነት ባንክ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሚዛን አለው። እዚህ የምናወራው ደመወዝ ስለሚገባበት፣ ኪራይ ስለሚከፈልበት፣ የሱቅ ሒሳብ ስለሚላክበት ባንክ ነው። ለዚህኛው ዋናው መመዘኛ ቅርንጫፉ፣ አፑ፣ እንዲሁም ብር የምትላላኳቸው ሰዎች የት ባንክ እንዳሉ ነው።

የብሩን መንገድ ጻፉት

አንድ ወረቀት አውጡና ያለፈው ወር ብር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ በሁለት ዓምድ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን የሰጪውን ወይም የተቀባዩን ባንክ አስፍሩ። አከራዩ በየትኛው ነው የሚቀበለው? የልጆች ትምህርት ቤትስ? ዕቁቡ? ክፍለ ሀገር ያሉት እናት? ከግማሽ በላዩ አንድ ባንክ ላይ ከወደቀ ምርጫው ያለቀ ያህል ነው።

ነገሩ የክፍያና የጊዜ ጉዳይ ነው። በአንድ ባንክ ውስጥ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚላክ ብር ወዲያው ይደርሳል፤ ክፍያውም ትንሽ ነው። ከባንክ ወደ ባንክ ሲሆን መሀል ላይ ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች ይገባል፤ ክፍያው ይጨምራል፣ መስመሩ በተጨናነቀ ቀን ደግሞ ብሩ ከእናንተ ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ሊንጠለጠል ይችላል። አልፎ አልፎ ቢሆን ግድ አይሰጥም። በወር አሥር ጊዜ ሲሆን ግን ያማርራል።

ከሁሉም የሚቀድመው የደመወዙ መስመር ነው። ከአንድ ባንክ ጋር ውል ስላለው ደመወዝ በሌላ ባንክ የማይከፍል መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ባንክ ለባንክ ከመዞር በፊት ፋይናንስ ክፍል ገብታችሁ የሒሳብ ቁጥር መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አይቻልም ካሏችሁ የደመወዙን ባንክ እንደያዛችሁ ለሌላው ጉዳይ ሁለተኛ ባንክ መምረጥ ነው። ሲቻልም ቢሆን አትቸኩሉ፤ መሥሪያ ቤቱ የተዋዋለው ባንክ በአሠሪው ደብዳቤ ለሠራተኛው ብድር የሚሰጥ ከሆነ፣ ደመወዛችሁን ስታነሱ ያ ዕድል አብሮ ይሄዳል።

ኪራይ ላይ ሕጉ ራሱ ወደ ባንክ ይገፋችኋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ያዛል። ከአከራያችሁ ጋር በአንድ ባንክ መሆን በየወሩ አንድ ክፍያ ይቀንስላችኋል፤ ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ወር ቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተላከ ብር ክርክር ሲነሳ የምን እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። የ20/80 ወይም የ40/60 የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ያላችሁ ደግሞ ንግድ ባንክ ያለውን ሒሳብ እንዳትነኩት፤ የትም ብትዛወሩ እሱ ባለበት ይቆይ።

ሌላው መረጃ ሰፈራችሁ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በነጭ ወረቀት ተጽፎ በላስቲክ የተሸፈነ የሒሳብ ቁጥር ዝርዝር ነው፤ ከላይ በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አሃዙ የንግድ ባንክ ቁጥር፣ ከሥሩ ቴሌብር፣ ከዚያ አንድ ሁለት የግል ባንክ። አትክልት ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ ሥጋ ቤቱንና ፀጉር ቤቱን ዞራችሁ ብታዩ የሰፈሩ ሰው በምን እንደሚገበያይ ይገባችኋል። ነጋዴው የማይጠቀምበትን ቁጥር አይለጥፍም።

ቅርንጫፉን በመጥፎ ቀኑ እዩት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቅርንጫፍ ጥሩ ነው። መታየት ያለበት ከወሩ 25 እስከ 30 ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይም በበዓል ዋዜማ ነው። ገብታችሁ ከመስኮቶቹ ይልቅ ከኋላቸው የተቀመጡትን ገንዘብ ከፋዮች ቁጠሩ፤ ስድስት መስኮት ተሠርቶለት ሁለት ሰው ብቻ የሚያስተናግድበት ቅርንጫፍ ሞልቷል። የወረፋ ቁጥር ይሰጣል ወይስ «የመጨረሻው ማነው?» እየተባለ ነው የሚገባው? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል? «ሲስተም የለም» የሚባለው በወር ስንት ጊዜ ነው? ይህን የመጨረሻውን ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን በየቀኑ ገቢ ሊያደርግ የሚመጣ ነጋዴ ጠይቁት፤ ሳያቅማማ ይነግራችኋል።

ኤቲኤሙን ማታ ሁለት ሰዓት ላይና እሑድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። ዓርብ ማታ ብር አልቆበት እስከ ሰኞ የሚቆም ማሽን ለዘወትር ደንበኛ ጌጥ ብቻ ነው። ከቤት እስከ ሥራ ባለው መንገድ ላይ የዚያው ባንክ ቢያንስ ሁለት ኤቲኤም መኖር አለበት። የሌላ ባንክ ማሽን ካርዳችሁን በኢትስዊች በኩል ይቀበላል፤ ሆኖም ያስከፍላል፣ አቤቱታ ከተነሳም ነገሩ ይረዝማል።

እንደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ከመሀል ከተማ የራቁ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚኖር ሰው ሒሳቡን ሥራ ቦታው አጠገብ ቢከፍት ይሻለዋል፤ ባንኩ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት እሱ ያለው እዚያው ነውና። ጡረታ ለወጡ ወላጆች ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ በእግር የሚደረስ፣ ደረጃ የሌለው፣ ወንበር ያለው ቅርንጫፍ ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

የትኛው ቅርንጫፍ እንደምትከፍቱ መጠንቀቁ ትርፍ ጭንቀት አይደለም። ብር ማስገባትና ማውጣት በየትኛውም ቅርንጫፍ ይሆናል። ፊርማ መቀየር፣ የቆመ ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ የብድር ጉዳይ የመሳሰለው ላይ ግን «ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ይሂዱ» የሚል መልስ ሊገጥማችሁ ይችላል። የባንክ ሠራተኞች ደንበኛ የማምጣት ኮታ ስላለባቸው፣ አንድ ወዳጅ ወይም ዘመድ «እኛ ጋ ክፈቱልኝ» ማለቱ አይቀርም። ለወዳጅ ብላችሁ ሳሪስ የከፈታችሁት ሒሳብ ግን አያት ለሚኖር ሰው በየጉዳዩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ወዳጁም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል።

አፑን በ500 ብር ፈትኑት

አብዛኞቹ ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት የሚጠይቁት ብር አነስተኛ ስለሆነ፣ ደመወዝ ከማዛወራችሁ በፊት አንድ ወር መሞከር ይቻላል። 500 ብር አስገቡና እንዲህ አድርጉ። መቶ ብር ወደ ቴሌብር ላኩ፣ ከቴሌብርም መልሱት። መቶ ብር ሌላ ባንክ ላለ ሰው ላኩ። የሃምሳ ብር ካርድ ሙሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የተቆረጠው ክፍያ፣ መልእክቱ እስኪመጣ የፈጀው ደቂቃ፣ ተቀባዩ ጋ የደረሰበት ሰዓት። አንዱን ሙከራ ሆን ብላችሁ ሥራ ሰዓት ላይ፣ አንዱን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አድርጉት።

የስልኩን ዳታ አጥፍታችሁም ሞክሩ። በኮከብና በመሰላል የሚሠራው አገልግሎት፣ የንግድ ባንክ *889# እና የቴሌብር *127# ዓይነቱ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ታክሲ ላይ ወይም ገበያ መሀል የሚያድናችሁ እሱ ነው። አማርኛ አለው? ስንት እርምጃ ይጠይቃል? ሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል? ይህ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። በስሕተት ወደ ሌላ ሰው የሄደ ብር የዚያ ሰው ፈቃድ ሳይገኝበት በቀላሉ አይመለስም፤ ባንኩ ሊያደርግ የሚችለው ደውሎ መለመን ነው። ወደ ሌላ ባንክ ስትልኩ በጣም የሚበዛው ስሕተት ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙ የሚመሳሰል ባንክ መምረጥ ነው፤ ስም ካልመጣ ወይም የማታውቁት ስም ከመጣ እዚያው ተመለሱ።

አጭር ቁጥሩ ላይም ደውሉ፤ የንግድ ባንኩ 951 ነው፣ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። በምሳ ሰዓትና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ደውላችሁ ሰው እስኪያነሳ ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ እዩ። ካርድ የጠፋበት ሰው ካርዱን ለማዘጋት የሚደውለው እዚያ ነው፤ በሙከራው ያልተነሳ ስልክ በጭንቅም ቀን አይነሳም።

ደረሰኙንም አትርሱ። ጥሩ አፕ ከከፈላችሁ በኋላ ተቀባዩ በሊንክ ወይም በኪውአር ኮድ ሊያረጋግጠው የሚችል ደረሰኝ ይሰጣል። ነጋዴዎች በተቀነባበረ የስክሪን ፎቶ ስለተታለሉ አሁን ፎቶ ብቻ አይተው ዕቃ የማይሰጡ ብዙ ናቸው። እናንተም ሻጭ ከሆናችሁ የሚታመነው የራሳችሁ ስልክ ላይ የገባው መልእክትና የራሳችሁ የሒሳብ ዝርዝር ብቻ ነው።

ክፍያውና ወለዱ

የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝሩን በወረቀት ወይም በድረ ገጽ አሳዩን በሉ፤ በቃል የሚነገር «ትንሽ ነው» አይበቃም። የሚጠየቀው፦ ኤቲኤም ካርድ ለማውጣትና ለማደስ፣ በሌላ ባንክ ማሽን ለማውጣት፣ ወደ ሌላ ባንክና ወደ ቴሌብር ለመላክ፣ ማኅተም ላለው የሒሳብ መግለጫ፣ ለሲፒኦ (ባንኩ በራሱ ስም ለሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ)፣ ለጽሑፍ መልእክት ስንት ነው? የሒሳብ መግለጫው ክፍያ ቀላል ይመስላል፤ ለቪዛ የስድስት ወር ወይም የዓመት መግለጫ የሚያስፈልገው ሰው ግን በገጽ የሚያስከፍል ባንክ ጋ ልዩነቱን ያየዋል። በክፍያዎቹ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመራል፤ 10 ብር በተባለው ክፍያ ላይ 1 ብር ከ50 ታክስ ይታከላል። በተቆረጠው ብር ግራ የሚጋቡ ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ወለድ ባንክ ለመምረጥ ያን ያህል አይረዳም። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው፤ ባንኮቹ በጥቂቱ ነው የሚበላለጡት። 20,000 ብር ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ በ7 በመቶ 1,400 ብር ያስገኛል፣ ከእሱም ላይ ታክስ ይቆረጣል። ይልቅ ጠይቁ የሚባለው ወለዱ በምን እንደሚሰላ ነው፦ በየቀኑ ባለው ቀሪ ሒሳብ ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ? በወሩ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ደመወዝ በ30 ገብቶ በ20 ሦስት መቶ ብር ለሚቀረው ሰው ወለድ የሚታሰበው በሦስት መቶው ላይ ነው። ወለድ የማይፈልግ ደግሞ ምርጫ አለው፤ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ናቸው፣ ሌሎቹም ወለድ አልባ መስኮት ከፍተዋል። መደበኛ ቁጠባ ከከፈታችሁ በኋላ ወደዚያ መቀየር አዲስ ሒሳብ ቁጥር ሊያስከትል ስለሚችል ከመጀመሪያው ተናገሩ።

«ባንኩ ቢከስርስ?» ለሚለው ጥያቄ፣ አሁን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ ሽፋኑ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው። ለዘወትር ሒሳብ ይህ ይበቃል። የቤት መግዣ ብር ያጠራቀመ ሰው ግን ሁሉንም አንድ ቦታ የሚያኖርበት ምክንያት የለውም።

ስትከፍቱ የሚበላሹ ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ለአዲስ ሒሳብ ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያው፣ ግዴታ ነው። ካርዱን ወይም ቁጥሩን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ባንኩ ቁጥሩን ሲያስገባ የማረጋገጫ ኮድ ለፋይዳ ወዳስመዘገባችሁት ስልክ ይላካል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ነው። ለፋይዳ የተመዘገበው ሲም ጠፍቶ ወይም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ ኮዱ አይደርሳችሁም፤ የባንኩ ሠራተኛም ሊረዳችሁ አይችልም። መጀመሪያ ስልኩን ፋይዳ ላይ አስተካክሉ፣ ከዚያ ባንክ ሂዱ።

ሁለተኛው ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው። አማርኛው አንድ ሆኖ እንግሊዝኛው ይለያያል፤ «ፀሐይ» ፓስፖርት ላይ በ«ዋይ» ጨርሳ ፋይዳ ላይ በ«አይ» ትጨርሳለች። አገር ውስጥ ለሚላክ ብር ይህ ብዙም አያስቸግር ይሆናል። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ ሲልክ ግን ላኪው የጻፈው ስም ከሒሳቡ ስም ጋር ካልገጠመ ብሩ ይንጠለጠላል ወይም ይመለሳል። ስለዚህ ሦስቱም ስም፣ የራስ፣ የአባትና የአያት፣ በፋይዳና በፓስፖርት አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ልዩነት ካለ መስተካከል ያለበት ባንኩ ጋ ሳይሆን መታወቂያው ላይ ነው። ለሚልክላችሁም ሰው ስማችሁን በቃል አትንገሩት፤ ከባንኩ መልእክት ላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።

ሦስተኛው ፊርማ ነው። የፊርማ ናሙናው ላይ አሳምራችሁ የፈረማችሁትን ከሦስት ዓመት በኋላ ቆማችሁ፣ ቸኩላችሁ መድገም ካልቻላችሁ ገንዘብ ከፋዩ ይመልሳችኋል፤ ልክ ነውም። አጭር፣ ሁልጊዜ የምትፈርሙትን ፈርሙ።

ኤቲኤም ካርዱ እዚያው ታትሞ የሚሰጥበት ባንክ አለ፣ ቀናት የሚያስጠብቅም አለ። የሞባይል ባንኪንጉን ግን ከቅርንጫፉ ሳትወጡ አስከፍቱት፤ አፑን እዚያው ጫኑ፣ የመጀመሪያውን ሚስጥር ቁጥር እዚያው ቀይሩ፣ አሥር ብር ልካችሁ እዩ። ቤት ደርሳችሁ «አልተመዘገቡም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ነገ ሌላ ወረፋ አለባችሁ። ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስልክም የራሳችሁ ይሁን። በልጅ ወይም በወንድም ቁጥር የተመዘገበ የእናት ሒሳብ የእናት መሆኑ የሚቀረው በስም ብቻ ነው።

የባልና ሚስት የጋራ ሒሳብ ላይ ቅጹ ውስጥ አንዲት ምልክት አለች፤ ሁለታችሁም ስትፈርሙ ብቻ ይወጣል ወይስ አንዳችሁ ብቻችሁን ማውጣት ትችላላችሁ? ሳታነቡ ካለፋችሁት አንዱ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሳምንት ነው የምትረዱት። ለዕድርና ለማኅበር ሒሳብ ቃለ ጉባኤ ይጠየቃል፤ ፈራሚዎቹ በስማቸው የተጠቀሱበት፣ አባላት የፈረሙበት። ሰብሳቢ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ቃለ ጉባኤ ማስገባት የዘነጋ ዕድር ለቀብር ቀን ብር ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ውክልና የሚሰጥ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆኖ የሚልክ፣ ሰነዱ ላይ «ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣ» የሚለው በግልጽ መጻፉን ያረጋግጥ። «ማንኛውንም ጉዳይ እንዲፈጽም» የሚለው ጠቅላላ ቃል ባንክ መስኮት ላይ ሲደርስ አይሠራም።

ብሩ ሳይወጣ ከተቆረጠ

ኤቲኤም ብር ቆጥሮ ሳይሰጥ ከሒሳብ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ማሽኑ ፊት ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመልሰዋል፣ ወይም ዘግይቶ ይተፋዋል፣ እናንተ ከሄዳችሁ ደግሞ ቀጥሎ ላለው ሰው ነው የሚተፋው። ካልተመለሰ ወረቀቱን ያዙ፤ ወረቀት ካላወጣ የማሽኑን ቦታ፣ የባንኩን ስም፣ ሰዓቱንና የብሩን መጠን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሰዓቱን በማሽኑ አቆጣጠር ጻፉት። እናንተ «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10» ያላችሁት እነሱ መዝገብ ላይ 15:10 ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቅጹ ላይ በእኛ ሰዓት የተሞላ አቤቱታ «እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ አልተገኘም» ተብሎ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ።

አቤቱታው የሚቀርበው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው፤ የማሽኑ ባለቤት ሌላ ባንክ ቢሆንም እዚያ ሄዳችሁ ብትጨቃጨቁ ወደ ባንካችሁ ይመልሷችኋል። ቅጹን ስትሞሉ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ ያለበት ቅጂ ውሰዱ። ቅርንጫፉ ካላስተካከለ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች አቤቱታ ክፍል፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው፤ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ባንኩ የሰጣችሁን መልስ ነው።

ሒሳባችሁ ላይ የእናንተ ያልሆነ ብር ከገባም አትንኩት። በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ ሳለ ከቀሪ ሒሳባቸው በላይ ያወጡ ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ተለጥፎ ነበር።

ሁለተኛ ሒሳብ፣ እንደ መጠባበቂያ

የትኛውንም ባንክ ብትመርጡ «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ በሌላ ባንክ አንድ ትንሽ ሒሳብ፣ ቴሌብር ላይ ደግሞ የሁለት ሦስት ቀን ወጪ ይኑራችሁ። ሁለተኛው ባንክ የመጀመሪያው ተቃራኒ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋናው ንግድ ባንክ ከሆነ ሁለተኛው ወረፋው የቀለለ የግል ባንክ፣ ዋናው የግል ከሆነ ሁለተኛው የትም የሚገኘው ንግድ ባንክ። ለነዳጅና ለመብራት ቴሌብር የሚያዘወትር ሰው የዋናው ባንክ አፕ ወደ ቴሌብር በቀላሉ መላኩን ማየት አለበት። ሁለተኛውን ሒሳብ ደግሞ በየሁለት ወሩ በትንሹም ቢሆን አንቀሳቅሱት፤ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሒሳብ ይቆለፋል፣ ማስከፈቻውም መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ ነው። ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልግም። ለአምስት ባንክ አምስት ሚስጥር ቁጥር የያዘ ሰው መጨረሻው ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፎ ከካርዶቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

«ከባንኩ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የመጣውን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ስልክ ከየትኛውም ባንክ ደንበኛ አይቀርም። ዝጉትና ራሳችሁ በባንኩ አጭር ቁጥር ደውሉ። ሲም ከጠፋባችሁ አዲስ ሲም ከማውጣታችሁም በፊት ባንኩን አስታውቁ፤ አፑ የተሳሰረው ከቁጥሩ ጋር ነው።

አሮጌውን መልቀቅ

ለፋይናንስ ክፍል የምትሰጡት ደብዳቤ ላይ የሒሳብ ቁጥሩን በእጅ አትጻፉ፤ ባንኩ አትሞ የሰጣችሁን ወይም የአፑን ገጽ አያይዙ፣ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ የወሩ ደመወዝ ይንከራተታል። ደብዳቤው ደመወዝ ከሚሠራበት ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይግባ፤ የደመወዝ ዝርዝሩ ለባንክ ከተላከ በኋላ የመጣ ለውጥ ለሚቀጥለው ወር ነው።

አሮጌውን ሒሳብ ሁለት ደመወዝ በአዲሱ እስኪገባ አትዝጉት። ያበደራችሁት ሰው፣ ዕቁቡ፣ አልፎ አልፎ የሚልክ ዘመድ በድሮው ቁጥር ይልካል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያለውን የሒሳብ መግለጫ አውጡ፤ ከተዘጋ በኋላ ማግኘቱ ልምምጥ አለው። ስትዘጉ ካርዱን መልሱ፣ ቼክ ካላችሁ ያልተሠራበትን ቅጠል መልሱ፣ የሞባይል ባንኪንጉ መቋረጡን ጠይቁ፣ ቀሪውንና እስከዚያ ቀን የታሰበውን ወለድ ተቀብላችሁ የመዝጊያውን ወረቀት በማኅተም ውሰዱ።